ርቆ የሚገኘውን መጋዘን በትንሽ ኰምፒዩተር ስለ መመልከት

በአምቦ ተቀምጦ በጉደር፥ በጌዶ ወይም በግንጪ የእህል መጋዘን ያለው ነጋዴ፥ ጭነት በሚገባበትና በሚወጣበት ጊዜ በስልክ ከሚነገረው ቃል በቀር ሌላ ማረጋገጫ የለውም። ለዚህ ጉዳይ የሚረዳ ርካሽ መሣሪያ ስላለ፥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን አሠራሩን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታየን።

መሣሪያው ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው በአንዲት ሰሌዳ ላይ የተሠራ ኰምፒዩተር ነው። በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ተፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ቀረበ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የራሱ ካሜራ ወጣለት። ዜሮ 2 ደብልዩ የተባለው ዓይነት 65 በ30 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። (በዚያችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1991 ተመራማሪዎች የቡናው ማፍያ ባዶ መሆን አለመሆኑን ከየክፍላቸው ለማየት ካሜራ እንደ ተከሉበት ሲሰሙ፥ ቡና ላኪዎቻችን ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።)

ካሜራው የሚያነሣቸውን ሥዕሎች ኰምፒዩተሩ ጨምቆ በኢንተርኔት ይልካል። የቀድሞው ዘዴ እያንዳንዱን ሥዕል ሙሉውን የሚልክ ሲሆን፥ ኤች 264 የተባለው ግን በአብዛኛው የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚልክ፥ ጆንያ ተደርድሮ በሚውልበት መጋዘን ወጪው እጅግ ያነሰ ነው። አዲሱ ፓይ 5 ኃይሉ ቢበልጥም ለዚህ መጭመቂያ የተመደበ ልዩ ክፍል ስለሌለው፥ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚገዛ ሰው ውዱን መምረጥ አያስፈልገውም።

ዋናው ነገር ሒሳቡ ነው። ሥዕሉ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢፈጅ፥ በሰዓት 450 ሜጋባይት፥ በቀን 10.8 ጊጋባይት ይሆናል። እኔ ይህን ሳላሰላ ቀንና ሌሊት እንዲልክ ስለ ተውሁት፥ ለወር የተገዛው 30 ጊጋባይት በሦስተኛው ቀን አለቀ፤ ለጌታዬም ምክንያቱን መግለጽ ቀላል አልነበረም። አሁን እርሳቸው በስልካቸው ሲከፍቱ ብቻ ይልካል፤ በቀረው ጊዜ በራሱ ካርድ ላይ ይቀርጻል።

በሲም ካርድ የሚሠራ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚጠራበት የራሱ አድራሻ ስለሌለው፥ ሥዕሉን በመካከል ላለ አገልጋይ ኰምፒዩተር እንዲያቀብል ማድረግ ያስፈልጋል፤ የምሥጢር ቃሉም ጠንካራ ይሁን። መብራት በድንገት ሲጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ባትሪ ይጨመርለት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ስለ ወጣ፥ ካሜራ መኖሩን ለሠራተኞች አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ካሜራው የጆንያውን ቍጥር እንጂ ክብደቱን አያሳይም። ስለዚህ እኛ ከበሩ በላይ የነበረውን አንሥተን ከሚዛኑ ፊት ለፊት ተከልነው።