ካባው ከተዘጋ በኋላ ውሃው የት ደረሰ?

ሆሳዕና ሁለት ተፋሰሶች የሚለያዩበት ደጋ ላይ ናት። በምሥራቅ በኩል የዘነበው በቢላቴ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከምዕራቡ ቁልቁለት የሚወርደው ኦሞን ተከትሎ ቱርካና ይገባል። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ግን ይህን ድንበር ላያከብር ይችላል። የሚሄድበትን አቅጣጫ የምናውቀው በመለካት ብቻ ነው።

ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። እንዲህ ያለ ከተማ ሲሰፋ የሕንፃ ድንጋይ፣ ኮብልስቶንና ገረጋንቲ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ የሚወጣው ከድንጋይ ካባ ነው። የከምባታ ከተሞች ዱራሜና ሺንሺቾም ከዚህ አያመልጡም። የአካባቢው አለት የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ ቱፉ (የጠጠረ የእሳተ ገሞራ አመድ) እና ፑሚሱ እንደ ስፖንጅ ውሃ ሲይዙ፣ ጠጣሩ ኢግኒምብራይትና ባዛልት በስንጥቁ ብቻ ያሳልፋል። በዚህ ምክንያት ጎን ለጎን የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች ፍጹም የተለያየ ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ።

ካባው ከውሃው ልክ በታች ከወረደ ውሃው ወደ ጉድጓዱ ይሰበሰባል። ያንን በፓምፕ ሲያወጡት በዙሪያው ባሉ ምንጮችና የእጅ ጉድጓዶች ያለው ውሃ ይቀንሳል። ሥራው ሲያበቃ ውሃው ቀስ ብሎ ይመለሳል። የሚመለስበት ልክ ግን የቀድሞው ላይሆን ይችላል፤ የካባው ጉድጓድ በሸክላ አፈር ተሞልቶ ከተጠቀጠቀ ዝናቡ አይሰርግም፣ በቆሻሻ ከተሞላ ደግሞ የሚሰርገው ውሃ የተበከለ ይሆናል። የ2002ቱ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 የተቆፈረ መሬት መልሶ እንዲያገግም ግዴታ ይጥላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማገገሙን የምንፈርደው በላዩ በበቀለው ሣር መሆኑ ነው።

ከሣሩ በታች ያለውን ውሃ መለካት ግን ከባድ አይደለም። ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮህ ምልክት የተደረገበት ገመድ፣ የማይቀየር የመለኪያ ነጥብ (ብዙ ጊዜ የኬሲንጉ፣ ማለትም የጉድጓዱ ቧንቧ፣ አፍ) እና መዝገብ ይበቃል። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ውሃው እስኪረጋጋ መጠበቅ ግድ ነው፤ እየተሳበ ያለ ጉድጓድ የሚያሳየው የፓምፑን ጉልበት እንጂ የአለቱን ውሃ አይደለም። ጥልቀቱ ከባሕር ጠለል በላይ ወዳለ ከፍታ መቀየር አለበት። በአንድ ውሃ አዘል አለት ውስጥ የተቆፈሩ፣ በአንድ መስመር ያልተሰለፉ ሦስት ጉድጓዶች ከፍታቸው ከታወቀ የውሃውን ተዳፋት ያሳያሉ፤ ከካባው በላይ አንድ፣ በታች ሁለት ቢሆኑ ለመጀመር በቂ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥ መዝጋቢ መሣሪያ (ዳታ ሎገር) በየሰዓቱ ይመዘግባል፤ የአየር ግፊቱ ካልተቀነሰለት ግን ያሳስታል።

ከሰማይ ደግሞ ግሬስ የተባሉት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2017 የምድር ስበት ለውጥን እየለኩ የውሃ ክምችትን ገምተዋል፤ ከ2018 ወዲህ ተተኪዎቻቸው ይህንኑ ይሠራሉ። የሚያዩት ግን ሰፊ ተፋሰስን ነው፤ አንድ ካባ አይታያቸውም።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ በአማራ ክልል ያለው የዳንግላ ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በዳንገሸታ ቀበሌ ነዋሪዎች ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ልክ መዝግበዋል፤ መረጃቸውም በሳይንሳዊ ማጣሪያ ተፈትኖ አስተማማኝነቱ ተመስክሮለታል። ይህን በቀላሉ ላልፈው አልችልም፤ በአገራችን ብዙ ጉድጓድ የሚለካው በቁፋሮው ማብቂያ ቀን አንዴ ነው።

ሐዲያና ከምባታ ለዚህ የሚሆን ነገር አላቸው። የበልግ ዝናብ ከክረምቱ ቀድሞ ስለሚመጣ ጉድጓዶቹ በዓመት በሁለት የዝናብ ወቅቶች ይሞላሉ፤ መዝገቡ ሁለቱንም ካልያዘ የዝናብ እጥረትን ከካባው ጉዳት መለየት አይቻልም። ሆሳዕና ያለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለልኬቱ ማሠማራት ይችላል። ልኬቱ ግን ካባው ከመከፈቱ ቢያንስ አንድ ዓመት መቅደም አለበት፤ ከተዘጋ በኋላ ከምን ጋር ይነጻጸራል? ከእጅ ጉድጓድ የምትቀዳ እናት በየካቲት ገመዷ ላይ ስንት ክንድ እንደምትጨምር ታውቃለች። ያ ቁጥር ካባው ከመከፈቱ በፊት ከነቀኑ በቀበሌ መዝገብ ላይ ይጻፍ።