ቦምብ ጣይ የነበረው አይሮፕላን የአየር ጠባይን እንደ መረመረ

ገበሬ እህሉን በአውድማ ላይ ከማስጣቱ በፊት ወደ ሰማይ ይመለከታል። ደመናው ከወዴት እንደ መጣ፥ ነፋሱም ወዴት እንደሚነፍስ አይቶ፥ ዝናም ይደርስብኛል ወይስ አይደርስብኝም ብሎ ያስባል። ዐይኑ ግን ከተራራው ወዲያ ያለውን ሊያይ አይችልም። ከተራራው ማዶ ቆሞ አስቀድሞ ወሬ የሚልክለት ሰው ቢኖረው ኖሮ ሥራውን ያለ ሥጋት ባሰናዳ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለእንግሊዝ መንግሥት ያስፈለገው እንደዚህ ያለ፥ ከባሕር ማዶ ሆኖ የሚያይ ዐይን ነበር። ይህን አገልግሎት ከፈጸሙት አንዱ ሃሊፋክስ የተባለው ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ነው። ታሪኩን ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን፤ ዓመቶቹም የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አይሮፕላኑ ስለ ምን እንደ ተሠራ

ሃሊፋክስን የሠራው ሃንድሊ ፔጅ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ነው። መጀመሪያ የበረረው ኦክቶበር 25 ቀን 1939 ሲሆን፥ ለጦርነት መጀመሪያ የዘመተው በማርች 1941 ነው። አራት ሞተር ነበረው፤ የክንፉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሜትር ያህል ነበር፤ ሰባት ሰዎች ይዞ፥ እስከ 5,900 ኪሎ የሚመዝን ቦምብ ይሸከም ነበር። በጠቅላላው ከ6,000 የሚበልጡ ተሠርተዋል።

ሆኖም በመጀመሪያ የተሠሩት ዓይነቶች፥ ላንካስተር እንደሚባለው እንደ ሌላው ቦምብ ጣይ ከፍ ብለው ለመብረር ስላልቻሉ፥ ጀርመኖች ብዙዎቹን መትተው ጣሉ። ከዚህም የተነሣ በፌብሩዋሪ 1944 እነዚያ ዓይነቶች ወደ ጀርመን አገር መዝመታቸው ቀረ። ነገር ግን ለአንድ ሥራ ያነሰ መሣሪያ ለሌላ ሥራ የበቃ ሊሆን ይችላል። ሃሊፋክስ ብዙ ቤንዚን ስለሚይዝ ዐሥር ሰዓት ያህል በአየር ላይ ይቈይ ነበር፤ ውስጡም ሰፊ ስለ ነበረ ለመሣሪያና ለተጨማሪ ሰው ስፍራ አልጠፋም። ለሩቅ የባሕር ጉዞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

የባሕሩ ወሬ ስለ ምን እንደ ተቋረጠ

በምዕራብ አውሮፓ አገሮች ዝናሙና ነፋሱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከምዕራብ፥ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። በሰላም ዘመን በውቅያኖሱ የሚመላለሱት መርከቦች የነፋሱን ኃይልና የአየሩን ግፊት እየለኩ በራዲዮ ይናገሩ ነበር። በ1939 ጦርነቱ ሲነሣ ግን መርከቦቹ ዝም አሉ፤ በራዲዮ የሚናገር መርከብ ያለበትን ስፍራ ለጠላት ይገልጣልና። ስለዚህ የአየር ጠባይ ሊቃውንት በሚሠሩበት ካርታ ላይ ከአየርላንድ ወደ ምዕራብ ያለው ስፍራ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ይህንን ባዶ ስፍራ ለመሙላት ልዩ ልዩ የአየር ጓዶች ተቋቋሙ። 518ኛው ጓድ በ1943 ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ባለችው በቲሪ ደሴት ላይ ሰፈረ። 517ኛው ከዌልስ፥ 520ኛውም ከጂብራልታር ይነሡ ነበር። ሃሊፋክስም ለሦስቱ ተሰጠ። በአይሮፕላኑም ላይ ከቀድሞዎቹ ሠራተኞች ጋራ የአየር ጠባይ ተመልካች የሚባል ሰው ተጨመረ።

መለኪያዎቹና የበረራው ሥርዓት

ከተመልካቹ ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ሁለት ሙቀት መለኪያዎችን በአንድነት የያዘ ነው። አንደኛው ደረቅ ነው፤ የሁለተኛው ጫፍ ግን በረጠበ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው። በእንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው፥ በሸክላው በኩል ሰርጎ የወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። እንደዚሁም የረጠበው መለኪያ ከደረቁ ዝቅ ያለ ቍጥር ያሳያል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ውሃው ቶሎ ስለሚተን የሁለቱ ልዩነት ይበዛል፤ አየሩ እርጥበት ሲኖረው ግን ልዩነቱ ያንሳል። በዚህ አኳኋን ተመልካቹ በአየሩ ውስጥ ምን ያህል እርጥበት እንዳለ አስልቶ ያውቃል።

የአየሩ ግፊት ደግሞ ለብቻው ይለካል። ግፊቱ እየወረደ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ማዕበል መቅረቡን፥ ከፍ እያለ ሲሄድም ሰማዩ ሊጠራ መሆኑን ያመለክታል። የነፋሱን ኃይልና አቅጣጫ ለማወቅ መንገድ መሪው አይሮፕላኑ ከቀናው መንገድ ምን ያህል እንደ ተገፋ ይለካ ነበር።

ከቲሪ የተነሣው አይሮፕላን ከባሕሩ 550 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውቅያኖሱ ይዘልቃል። ተመልካቹም በየ90 ኪሎ ሜትሩ ያህል ያየውንና የለካውን ይጽፋል። አይሮፕላኑ አንዳንድ ጊዜ ወደ ባሕሩ ፊት ዝቅ ብሎ በዚያ ያለውን ግፊት ይለካል፤ ከጉዞው ዳርቻ ሲደርስም እስከ 5,500 ሜትር ድረስ ይወጣና በየከፍታው ሙቀቱንና እርጥበቱን ይመዘግባል። ቍጥሮቹም በምሥጢር ጽሕፈት ተለውጠው በራዲዮ ይላካሉ። ይህም ቀንም ሌሊትም ይሠራ ነበር።

ሌላው አይሮፕላን ከክፉ አየር ሲሸሽ፥ ይህ ግን ክፉውን አየር ፈልጎ ይገባበት ነበር። በደመና ውስጥ በረዶ በክንፉ ላይ ይጋገርና ያከብደዋል፤ ሞተሮቹ ቢከዱት ከውቅያኖስ በቀር የሚያርፍበት ስፍራ የለም፤ ሲመለስም ደሴቲቱ በጉም ተሸፍና ሊያገኛት ይችላል። ኦገስት 16 ቀን 1944 ሁለት የ518ኛው ጓድ ሃሊፋክሶች በቲሪ ላይ በደመና ውስጥ ተጋጭተው 16 ሰዎች ሞቱ። ወደ ውቅያኖሱ ወጥተው ሳይመለሱ የቀሩም አሉ። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ቦምብ ለመጣል ወጥተው አይደለም፤ ጥቂት ቍጥሮችን ለማምጣት ሲደክሙ ነው። የእነዚያ ቍጥሮች ዋጋ ምን ያህል እንደ ነበረ ከኖርማንዲ ታሪክ ይታወቃል።

የኖርማንዲ ቀን

በ1944 የእንግሊዝ፥ የአሜሪካ፥ የካናዳና የሌሎችም ተባባሪዎች ጦር ባሕር ተሻግሮ፥ ጀርመኖች በያዙት በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ዳርቻ ላይ ለመውረድ ተዘጋጀ። መርከቦቹና ጀልባዎቹ ወደ 7,000 ይጠጉ ነበር። ለዚህም ሥራ የሌሊት ጨረቃና በማለዳ የባሕሩ ውሃ መጕደል ያስፈልግ ስለ ነበረ፥ የተመቹት ቀኖች ጁን 5፥ 6 እና 7 ብቻ ሆኑ። ጠቅላይ አዛዡ ጄኔራል አይዘንሃወር ጁን 5ን መርጠው ነበር።

የአየር ጠባይ አማካሪያቸው የስኮትላንድ ተወላጅ ጀምስ ስታግ ነበሩ። ሊቃውንቱ በስልክ ሲከራከሩ ሐሳባቸው አልተስማማም፤ አንዳንዶቹ አየሩ ደኅና ይሆናል፥ ሌሎቹ ግን ማዕበል ይመጣል አሉ። ክርክሩን ሊቈርጥ የሚችለው ከምዕራብ የሚመጣ ልኬት ነበር። አይሮፕላኖቹ፥ ጥቂት መርከቦችና በምዕራብ አየርላንድ በብላክሶድ ያለው ጣቢያ የላኩት ቍጥር ማዕበል መቅረቡን አመለከተ። በብላክሶድ ልኬቱን ከያዙት አንዷ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሞሪን ፍላቪን ስትሆን፥ ቍጥሩን ደግማ እንድታረጋግጥ በስልክ ተጠየቀች።

ጁን 4 ቀን ማለዳ አይዘንሃወር ጉዞው አንድ ቀን እንዲዘገይ አደረጉ። በዚያው ቀን ማታም ስታግ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ አየሩ ለአጭር ጊዜ እንደሚሻል ነገሯቸው። ስለዚህ ጦሩ ጁን 6 ቀን 1944፥ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓመተ ምሕረት፥ ወረደ። ጀርመኖች ከውቅያኖሱ የሚያገኙት ወሬ ጥቂት ስለ ነበረ፥ በዚህ ክፉ አየር ማንም አይመጣም ብለው ነበር፤ የጦር አለቃቸው ሮመልም የሚስታቸውን የልደት ቀን ለማክበር ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ጉዞው ወደሚቀጥለው የተመቸ ጊዜ ተላልፎ ቢሆን ኖሮ፥ ጁን 19 ቀን ከተነሣው ብርቱ ማዕበል ጋራ በተገናኘ ነበር። ይህ ማዕበል አሜሪካኖች በዳርቻው ላይ የሠሩትን ወደብ አፍርሶታል።

ከጦርነቱ በኋላ

በ1945 ጦርነቱ ሲያልቅ ቦምብ የመጣሉ ሥራ ቀረ፤ የአየር ጠባይ ምርመራው ግን አልቀረም። በ1946 518ኛው ጓድ ስሙ 202ኛ ጓድ ተብሎ ከሰሜን አየርላንድ መብረሩን ቀጠለ። ከ1950 ጀምሮ በዚህ ጓድ ውስጥ ሃሊፋክስ ሄስቲንግስ በሚባል አይሮፕላን ተተካ፤ የሃሊፋክስም የመጨረሻው የአገልግሎት በረራ ማርች 17 ቀን 1952 ከጂብራልታር ሆነ። አፕሪል 1 ቀን 1960 ታይሮስ የተባለች የአየር ጠባይ ሳተላይት ወደ ሰማይ ተላከች። ዛሬ ውቅያኖሱን ሁሉ ሳተላይቶች ይመለከቱታል፤ ሆኖም በአሜሪካ አገር ወደ ማዕበል መካከል ገብተው የሚለኩ አይሮፕላኖች አሁንም አሉ።

የ518ኛው ጓድ መሪ ቃል፥ ቍልፉ በእኛ እጅ ነው፥ የሚል ነበር። ቍልፉም በትክክል ተለክቶ በጊዜው የተላከ ቍጥር ነው። ሞሪን ፍላቪን ቍጥሯ ለምን እንደ ተፈለገ ያወቀችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ፥ ተማሪዎች ሆይ፥ የዝናሙን ልክ ወይም የአየሩን ሙቀት እንድትጽፉ በታዘዛችሁ ጊዜ፥ በተወሰነው ሰዓት ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ ያላያችሁትን በግምት አትሙሉ። ጸሓፊው ቍጥሩ የማንን ነፍስ እንደሚያድን አስቀድሞ አያውቅምና።

ጥያቄዎች

1. በጦርነቱ ዘመን መርከቦች የአየር ጠባይን ወሬ መናገር ስለ ምን ተዉ?
2. የረጠበው ሙቀት መለኪያ ከደረቁ ዝቅ ያለ ቍጥር የሚያሳየው ስለ ምን ነው?
3. የኖርማንዲ ጉዞ በአንድ ቀን የዘገየው ስለ ምን ነው?