ዘይት የሚያፈስና ዘይት የሚበላ አሮጌ መኪና

የአንድ አሮጌ መኪና የሞተር ዘይት ዘወትር ከልኩ የሚጎድል ከሆነ፣ ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይም በሞተሩ ውስጥ ከነዳጁ ጋራ ይቃጠላል። ለባለንብረቱ ሁለቱም አንድ ይመስሉታል፤ በየሳምንቱ ዘይት ይገዛልና። በወጪ በኩል ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። የሚፈሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ጓርኒሲዮን ወይም አንድ የዘይት ማገጃ ጎማ በመለወጥ ይቆማል፤ የሚቃጠለው ግን ሞተር እስከ ማውረድ ሊያደርስ ይችላል።

ይህን ለይቶ ማወቅ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህም ምክንያት በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ያለው ነጋዴ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ለመሥራት፣ ወይም ሌላው የተገለገለባትን በውድ ዋጋ ለመግዛት ይገደዳል።

በመጀመሪያ የሚፈሰውን እንመልከት። ማታ መኪናው በቆመበት ቦታ ከሞተሩ በታች ካርቶን አንጥፎ ጧት ማየት ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ የምትወርድ ጠብታ ኢምንት ትመስላለች፤ ነገር ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8,600 በላይ ትሆናለች፤ ይህም ሩብ ሊትር ያህል ነው። ዘይት በነፋስ እየተገፋ ወደ ኋላና ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ኮፓው ስለ ረጠበ ብቻ የኮፓው ጓርኒሲዮን ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሞተሩን አጥቦ ጥቂት ከነዱ በኋላ ከሁሉ በላይ የረጠበውን ስፍራ መፈለግ ይገባል።

ብዙ መካኒኮች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ነው። ቱቦው በጥቀርሻ ሲደፈን በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ዘይቱን በየማገጃ ጎማው በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። መተንፈሻው ሳይጸዳ ጎማው ቢለወጥ አዲሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያፈሳል፤ ባለንብረቱም «ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው» ብሎ ያለ ጥፋቱ ባለሱቁን ይከሳል።

ወደሚቃጠለው ስንመጣ ምስክሩ ጭሱ ነው። ሰማያዊ የመሰለ ጭስ የዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ግን ነዳጅ በዝቶ አየር ሲያንሰው የሚመጣ ነው፤ ቡራዩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ አሮጌ የናፍጣ መኪና ጥቁር ቢያጨስ ዘይት በላ ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ሰማያዊው ጭስ የሚታይበት ጊዜም ይለያል። ዳገት ላይ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው የፒስቶን ቀለበቶች ወይም ሲሊንደሩ ማለቃቸውን ያመለክታል። የቤንዚን መኪና ከሱሉልታ መጥቶ የእንጦጦን ቁልቁለት በማርሽ ከወረደ በኋላ እንደገና ነዳጅ ሲሰጠው ቦግ ብሎ የሚያጨስ ከሆነ ግን ጉድለቱ በቫልቮላዎቹ የዘይት ማገጃ ጎማ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ሳይወርድ የሚሠራ ነው።

ከልክ ያለፈ የሚባለው ምን ያህል ነው? የቶዮታ መመሪያ መጻሕፍት የመጨረሻውን ወሰን በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ያደርጉታል። በደብተር ኪሎ ሜትሩንና የተጨመረውን ዘይት የማይጽፍ ባለመኪና ከዚህ ወሰን በላይ ይሁን በታች ሊያውቅ አይችልም።

በገበያ የተለመደው መድኃኒት ወፍራም ዘይት መጨመር ነው። ጭሱን ለጥቂት ሳምንታት ይቀንሰዋል፤ ያለቀውን ቀለበት ግን አይመልስም፤ ከዚህም በላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጧት ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ ወደ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ ስለሚደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። አንዳንድ ሻጭ ይህንኑ ዘዴ ገዢን ለማታለል ይጠቀምበታል። ስለዚህ ገዢ ሞተሩ ሳይሞቅ በማለዳ ሄዶ እርሱ ባለበት እንዲነሣ ያድርግ፤ ከዚያም ዳገት ላይ ነድቶ ከኋላው የሚወጣውን ጭስ በጓደኛው ያስመልክት። ተወልውሎ የሚያበራ ሞተር ካየም አይደሰት፤ ለምን ታጠበ ብሎ ይጠይቅ እንጂ።

የመለዋወጫ አስመጪዎችና በሶማሌ ተራ የሚነግዱ ባለሱቆችም የዘይት ማገጃ ጎማ እንደ ብረት ዕቃ መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት እንደማይቀመጥ ሊያስቡበት ይገባል። ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፤ የደረቀውም በገባ በሳምንቱ ያፈሳል። ሲያዝዙ የተሠራበትን ዓመት መጠየቅ፣ ሲያስቀምጡም በጥላና በመጠቅለያው ውስጥ ማኖር፣ ቀድሞ የገባውንም ቀድሞ መሸጥ ይበጃል። በተለይ የኋላ እግር ማገጃ ጎማ ጉዳይ የዘይት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በዚያ በኩል የሚያፈሰው የዲፍረንሻል ዘይት ፍሬኑን ያረጥበዋልና፣ እንዲህ ያለው መኪና ጭነት ይዞ እንጦጦን እንዲወርድ መፍቀድ አይገባም።