ቀንድ አውጣ ስትታመም፦ ከመድኃኒት በፊት ቤቷን ይዩ

ይህ ዜና መጽሔት ዘወትር የሚጽፈው ስለ በሬ፣ ስለ ግመልና ስለ ፍየል ስለሆነ ቀንድ አውጣ በዓምዱ ላይ ስትታይ ፈገግ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ትልቋ የአፍሪካ የየብስ ቀንድ አውጣ የኛው አካባቢ እንስሳ ናት፤ የትውልድ ስፍራዋ የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ፣ በተለይም ኬንያና ታንዛኒያ ነው። በኬንያ ከአገሪቱ የዱር እንስሳት አገልግሎት ፈቃድ አውጥተው ለሥጋዋና ለዝልግልግ ፈሳሿ የሚያረቧት አሉ። በእንግሊዝ ደግሞ ማሳደጓ በሕግ አልተከለከለም፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በክፍል ውስጥ ያሳድጓታል፣ ትምህርት ሲዘጋም ተማሪዎች ወደ ቤት ይዘዋት ይሄዳሉ። ለንደን ያለ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁ የፕላስቲክ ሳጥን አቅፎ ሲገባ የሚያየው በዚህ ጊዜ ነው። ሳጥኑ ብርድ በሚገባበት መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ቀን እንስሳዋ አትንቀሳቀስም፣ ልጁም ያለቅሳል።

ከብት ሲታመም ምን እንደምናይ እናውቃለን፤ ማመስኳት ያቆማል፣ ጆሮው ይወድቃል፣ ሰውነቱ ይግላል። ቀንድ አውጣ ከነዚህ አንዱንም አታሳይም። ደሟ ቀዝቃዛ ስለሆነ የሰውነቷ ሙቀት የክፍሉ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር የሚያስፈልገው ለእሷ ሳይሆን ለሳጥኗ ነው። የምትታመምበትም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ያለችበት ቤት ነው፤ አንድም ደርቋል፣ አንድም ቀዝቅዟል፣ ወይም ካልሲየም ጎድሎታል። መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣ ሰው የሚያድናትን ነገር እቤቱ ትቶ ነው የሚሄደው።

ሞታለች፣ ተኝታለች ወይስ ታማለች?

ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሳይሞቱ ይጣላሉ። አየሩ ሲደርቅ ወይም ሲቀዘቅዝ እንስሳዋ ወደ ዛጎሏ ትገባና የዛጎሉን አፍ በስስ ነጣ ያለ ክዳን ትዘጋዋለች። ክዳኑ የደረቀ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። በዚህ ሁኔታ ሳትበላና ሳትጠጣ ለወራት ልትቆይ ትችላለች። በበጋ ወራት በባሕር ዳርቻው ቁጥቋጦ ውስጥ ድርቅን የምታልፈው በዚሁ ዘዴ ነው። ክዳኑ ካለና ዛጎሉ በእጅ ሲያዝ ክብደት ካለው እንስሳዋ ተኝታለች ማለት ነው። ክዳኑን በጥፍር ወይም በቢላ አይክፈቱ፤ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ራሷ ትከፍተዋለች።

የሞተች ከሆነ አፍንጫዎ ይነግርዎታል። ሽታው የማያጠራጥር ነው፣ ዛጎሉም ይቀላል፣ ከአፉ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ይወጣል። ሽታ ከሌለ ግን ለመጣል አይቸኩሉ።

አሳሳቢው ሁኔታ ከሁለቱ መካከል ያለው ነው። ክዳን ሳትሠራ በጥልቀት ገብታ ለቀናት የማትወጣ፣ ምግብ ቢቀርብላት የማትነካ፣ ወይም በተቃራኒው ሥጋዋ ከዛጎሉ ወጥቶ ተዝለፍልፎ ሲነኩት የማይሰበሰብ ከሆነ ታማለች። ጤነኛ ቀንድ አውጣ የቀንዷን ጫፍ በእርጥብ ጣት ሲነኳት ወዲያው ትሰበስበዋለች። ይህን የሚያክል ቀላል መፈተኛ የለም። ሌላው ሚዛን ነው። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ካለ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይመዝኗትና ይጻፉት። ከብት በዓይን የሚገምት ነጋዴ እንኳ በዚህች ላይ ዓይኑን ማመን የለበትም፤ ዛጎሉ ያው ሆኖ ውስጡ ሊመናመን ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን ውሃ ነው

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚኖረው በክፍት ዕቃ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ በእጅ አንጓ ሲነኩት ለብ የሚል አድርገው ዝርግ ሳሕን ላይ ያፍስሱ። ጥልቀቱ የዛጎሉን አፍ ጠርዝ ብቻ የሚያረጥብ ይሁን። ቀንድ አውጣ የምትተነፍሰው በዛጎሉ አፍ አጠገብ ባለች ቀዳዳ ነው፤ ውሃው ቀዳዳዋን ከሸፈነው ትሰጥማለች። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆይዋት፣ አጠገቧም ሆነው ይመልከቱ። የደረቀች እንስሳ ውሃውን በቆዳዋም ጭምር ስለምትመጥ አንዳንዴ በዚያው ሰዓት ውስጥ ቀንዶቿን ታወጣለች። ካልወጣች በማግስቱ ይድገሙት።

ከዚያ ወደ ንጹሕ ሳጥን ያስገቧት። ለታመመች ቀንድ አውጣ አፈር ሳይሆን በውሃ የራሰ የወጥ ቤት ወረቀት ምንጣፍ ይሻላል፤ ኩሷን ለማየት፣ ፈሳሽ ከወጣት ለማወቅ፣ በየቀኑም ለመቀየር ይመቻል። የሳጥኑ ሙቀት ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ እርጥበት ወደ 80 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ግድግዳው ላይ ጤዛ ይታይ፣ ወለሉ ላይ ግን ውሃ አይቁም። ክዳኑ የአየር ቀዳዳ ይኑረው።

የሞምባሳ አርቢ ስለ ሙቀት ብዙም አይጨነቅም። አዲስ አበባ ላይ ግን ከተማዋ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ የለንደኑን ክረምት መናገርም አያስፈልግም። የማሞቂያ ምንጣፍ የሚጠቀሙ ከሆነ ከሳጥኑ ሥር ሳይሆን ከአንድ ጎኑ ይለጥፉት። ቀንድ አውጣ ሲሞቃት ወደ ታች ስለምትቆፍር ማሞቂያው ከሥር ከሆነ ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ እሳቱ ትወርዳለች። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ ይገድላል።

ዛጎሏ ሲሳሳ

እንቁላል ጣይ ዶሮ ካልሲየም ሲጎድላት ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል እንደምትጥል ሁሉ፣ ቀንድ አውጣም ዛጎሏ ይሳሳል፣ ጠርዙ ይሰባበራል፣ ላዩ ይላጣል። ዛጎሉ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ጉድለቱ ሲጠና ቀንድ አውጣዎች አንዷ የሌላዋን ዛጎል በሸካራ ምላሷ እየፋቀች ትበላለች። በአንድ ሳጥን ካሉት አንዷ ጀርባዋ ላይ የተፋቀ ነጭ ቦታ ካዩ የጎደለው ካልሲየም ነው።

ማስተካከያው ርካሽ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው ያድርቁ፣ እንደ ዱቄት ይውቀጡ፣ በምግቧ ላይ ይነስንሱ፤ በትንሽ ክዳን ላይም ለብቻው ያስቀምጡላት። ለዶሮ መኖ የሚሸጠው የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ወይም ለወፎች የሚሸጠው የኩትልፊሽ አጥንት እኩል ይሠራል። እዚህ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ አንድ አይደሉም። የተቃጠለው ኖራ እርጥብ ቆዳን ይልጣል። ለከብት የሚሰጠው የሚላስ ማዕድንም ካልሲየም አለው ብለው እንዳይሰጧት፤ ጨው አለበት፣ ጨው ደግሞ ውሃውን ከሰውነቷ መጦ ይገድላታል።

ምግብ ላይ ኪያር፣ ዱባ፣ ስኳር ድንችና ሰላጣ ይወደዳሉ። ለደከመች እንስሳ መጀመሪያ ኪያር ያቅርቡ፤ ውሃ የበዛበትና ለስላሳ ነው። ጎመንም ይስማማታል። ቆስጣና ስፒናች ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይሁኑ፤ በውስጣቸው ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ይይዝባታል። ከማዕድ የተረፈ ወጥ፣ ጨው የነካው ማንኛውም ነገር አይቅረብላት። አትክልቱን በደንብ ይጠቡት፤ የጸረ ተባይ ርጭት ቅሪት ትንሽም ቢሆን ለእሷ ብዙ ነው።

ያረጀው የዛጎል ክፍል የተላጠው ተልጦ ይቀራል። ዛጎል የሚያድገው ከአፉ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የማገገሟ ምልክት በጠርዙ ላይ የሚታየው አዲስ፣ ስስና ነጣ ያለ ቀለበት ነው። ይህ ክፍል እንደ ወረቀት ስለሚሰበር እንስሳዋን ሲያነሱ ጠርዙን አይያዙ። ከመስታወት ላይም አይንቀሏት፤ ውሃ ረጭተው ጣትዎን ከእግሯ ሥር በቀስታ ያንሸራትቱ። በጉልበት መሳብ ሥጋውን ከዛጎሉ ጋር የሚያያይዘውን ጡንቻ ይበጥሳል፣ ይህም የሚድን ጉዳት አይደለም።

ወድቃ ዛጎሏ ከተሰነጠቀስ? ስንጥቁ ቀጭን ከሆነ ይተዉት፤ ከውስጥ በኩል አዲስ ሽፋን ትሠራለታለች። ሙጫ አይጠቀሙ። ሥጋ የሚያሳይ ቀዳዳ ካለ አንዳንድ አሳዳጊዎች ከእንቁላል ቅርፊት ውስጥ የሚገኘውን ስስ ቆዳ እርጥብ እንዳለ ይለጥፉበታል፤ ከሥሩ ዛጎሉ እስኪጠነክር ቆሻሻ ይከላከላል። የተሰበረው ግን አብዛኛው የዛጎሉ አካል ከሆነ ተስፋው ጠባብ ነው።

ከመድኃኒት መደርደሪያችን የሚገድላት

ለከብት የምናውቀውን ለሷም እናድርግ ማለት የኛ የእንስሳት ሰዎች ፈተና ነው። የበግና የከብት ኮቴ የሚነከርበት ኮፐር ሰልፌት፣ ያ ሰማያዊው ጨው፣ ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው። የጉበት ትልን የሚያስተላልፉትን የረግረግ ቀንድ አውጣዎች ለማጥፋት ለረጅም ዘመን ያገለገለው እሱ ራሱ ነው። በእሱ የተነከረ ባልዲ ቢታጠብም ለቀንድ አውጣ ሳጥን ማጽጃ አይሁን።

እንዶድም እንዲሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎችን በአገር በቀል ተክል የመግደል ምርምር የጀመሩት። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙበት ሥራ ነው። ሳጥኑን በእንዶድ ወይም በሳሙና አይጠቡ፤ ሙቅ ውሃና ብሩሽ ይበቃል።

ማይት የሚባሉት ነጫጭ ጥቃቅን ተባዮች በመተንፈሻ ቀዳዳዋ ዙሪያ በፍጥነት ሲሯሯጡ ካዩ ደሟን እየመጠጡ ነው። እጃችን ወደ አይቨርሜክቲን ወይም ወደ ከብት መዥገር መድኃኒት መሄዱ አይቀርም። ይመልሱት፤ ለቀንድ አውጣ የተወሰነ መጠን በማሸጊያው ላይ የለም። እንስሳዋን ለብ ባለ ውሃ በቀስታ ያለቅልቋት፣ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ይጣሉ፣ ሳጥኑን በፈላ ውሃ ይጠቡ፣ ይህንንም እንቁላሎቹ ተፈልፍለው እስኪያልቁ በየጥቂት ቀኑ ይደጋግሙት። አፈሩ ላይ እየዘለሉ የሚሄዱት ጥቃቅን ነፍሳት ግን ሌሎች ናቸው፤ ሻጋታ የሚበሉ ስለሆኑ ይተዉዋቸው።

የማይመለሰው

ዛጎሉን የሚሠራው የሥጋ ሽፋን ከጠርዙ ተላቆ ወደ ኋላ ከተሸበሸበ ወይም ወደ ውጭ ከተንጠለጠለ፣ ከስንት አንዷ ብትድን ነው። ዕድሜም አለ፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት ከ5 እስከ 6 ዓመት ነው፣ ያረጀችውን ወጣት ማድረግ አይቻልም። እንስሳዋ ከተዝለፈለፈች፣ ለመንካት ካልመለሰችና ክብደቷ በየቀኑ ከወረደ ማሰቃየት ይበቃል። በጨው መግደል ጭካኔ ነው። ከባድ በሆነ ነገር በአንድ ምት ማብቃት፣ ለማየት ቢከብድም፣ ለእሷ የሚሻለው ነው። ልጁ ባይኖር ይመረጣል።

በማስታመሙ ሁሉ ከነኳት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙናው ለእጅዎ እንጂ ለሳጥኑ አይደለም። ይህ ዝርያ የአይጥ ሳንባ ትል የሚባለውን ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፤ ትሉ ወደ ሰው ከተላለፈ የአንጎል ሽፋን ያስቆጣል። ከዱር የተለቀመች ከሆነች ጥንቃቄው ይጨምር፤ ሥጋዋም በደንብ ሳይበስል አይበላ።

ስታገግም እንቁላል መጣል ልትጀምር ትችላለች። ወንድም ሴትም ስለሆነች አንዴ የተገናኘች እንስሳ የተቀበለችውን ዘር ለወራት ይዛ ትቆያለች፣ በአንድ ጊዜም ከመቶ በላይ እንቁላል ትጥላለች። የማይፈልጉትን እንቁላል በማቀዝቀዣ ለሁለት ቀን አድርቀው ወይም ቀቅለው ይጣሉ እንጂ ጓሮ አይድፉ። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ልጅ ሦስት ቀንድ አውጣ ይዞ ወደ ማያሚ ገባ፤ አያቱ ጓሮ ለቀቋቸው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ከ18,000 በላይ ሆኑ፣ ማጥፋቱም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ዛሬ በአሜሪካ ያለ ፈቃድ መያዝ የተከለከለው ስለዚህ ነው፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ከአገር ቤት ይዘው እንዳይሄዱ።

ሌሎች ቀንድ አውጣዎች ካሉ የዳነችውን ወዲያው አይቀላቅሉ። እንደ አዲስ እንደተገዛ በግ ለ30 ቀን ለብቻዋ ትቆይ፤ ክብደቷ ሳይወርድ ከቆየ፣ ማይት ካልታየና በጠርዙ ላይ አዲሱ ቀለበት ከጠነከረ ወደ ጓደኞቿ ይመልሷት።