በአንድ ባለሙያ ክትትል ሥር ስንት ሕሙማን?

ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ሕክምናው አያበቃም። መድኃኒቱን መውሰዱን፣ ማደሪያና መተዳደሪያ ማግኘቱን፣ ሕመሙ ሲያገረሽ ቶሎ መታየቱን የሚከታተል ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ኃላፊነት የሚይዘው ባለሙያ በአንድ ጊዜ ስንት ሕሙማን ይከታተል የሚለው ጥያቄ በሙያው ውስጥ ረጅም ክርክር አስነሥቷል።

ጥያቄው የተወለደው ታላላቆቹ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሲራቆቱ ነው። በአሜሪካ የክፍላተ ግዛት ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ1955 ከ550,000 በላይ ሕሙማን ተኝተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በፍጥነት ወረደ። ከወጡት ብዙዎቹ ግን ደጋፊ በማጣት ተመልሰው ይገቡ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን ከተማ፣ ሊዮናርድ ስታይን፣ ሜሪ አን ቴስትና ባልደረቦቻቸው የሆስፒታሉን ሠራተኞች ወደ ሕሙማኑ መኖሪያ ላኳቸው። ከዚህ ያደገው አሠራር ለአንድ ባለሙያ ወደ 10 ሕሙማን ይመድባል፤ ቡድኑ ግን ሁሉንም በጋራ ይከታተላል፣ ሌት ተቀንም ይጠራል። ሕሙማኑ ሆስፒታል የሚተኙበት ጊዜ በእጅጉ ቀነሰ። መርሐ ግብሩ ከ14 ወራት በኋላ ሲቋረጥ ግን የተገኘው ለውጥ አብዛኛው ጠፋ፤ ድጋፉ የማይቋረጥ መሆን እንዳለበት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ለስኬቱ ምክንያት የሆነው የሕሙማኑ ቁጥር ማነስ ነው ወይስ የአሠራሩ ጥራት? ይህን ለመለየት በለንደንና በማንችስተር 708 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ወገን አንድ ባለሙያ ከ10 እስከ 15፣ በሌላው ከ30 እስከ 35 ሕሙማን ያዘ። በ1999 በወጣው ውጤት መሠረት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሆስፒታል የተኙባቸው ቀናት አማካይ 73.5 እና 73.1 ሆነ። ልዩነት የለም ማለት ነው።

ተቺዎች ሙከራው የማዲሰንን የቡድን አሠራር አልተከተለም አሉ። በ2007 የቶም በርንስና ባልደረቦቹ ትንታኔ ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምር ሁለት ነገር አሳየ። ጥብቅ ክትትል ይበልጥ የሚጠቅመው ሆስፒታል መተኛት በበዛበት አካባቢ ነው፤ ለውጡን የሚያመጣውም የቡድኑ አደረጃጀት እንጂ የሕሙማን ቁጥር መቀነስ ብቻውን አይደለም።

ይህን ይዞ በአንድ ሰው ላይ 80 ወይም 100 ሕሙማን መጫን ግን ስሕተት ነው። የእንግሊዙ ሙከራ ከ35 በላይ ያለውን ጨርሶ አልፈተነም። ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ ባለሙያው የቤት ጉብኝቱን ትቶ ድንገተኛ ችግር ሲነሣ ብቻ መሯሯጥ ይጀምራል፤ ዝም ብሎ እቤቱ የቀረው ሕመምተኛም ይረሳል። በኔዘርላንድስ የተስፋፋው አሠራር መካከለኛ መንገድ ይዟል፤ አንድ ቡድን 200 ያህል ሰዎችን ይይዝና የታወከውን በየዕለቱ በጋራ ይከታተላል፤ የተረጋጋውን ደግሞ ለአንድ ባለሙያ ይተወዋል።

ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አገር ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ለምሳሌ በኢትዮጵያ፣ በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች የስኪዞፍሬንያ ሕሙማንን ቤት ለቤት እየሄዱ ደገፉ። በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በጤና ጣቢያ ሕክምና ላይ ይህ ድጋፍ የተጨመረላቸው ሕሙማን ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ከአንድ ዓመት በኋላ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ ማከናወን ችለዋል።