«ችሎታ» እና «አቅም»፦ ስለ ምርት መርሐ ግብር ቃላት

የምርት መርሐ ግብር በሚያወጣ የኮምፒዩተር ሶፍትዌር ውስጥ ስለ እያንዳንዱ መሣሪያና ሠራተኛ ሁለት ነገሮች ይመዘገባሉ፤ አንደኛው ምን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደሚችል፣ ሁለተኛው በተወሰነ ጊዜ ምን ያህል እንደሚሠራ ነው። በአማርኛ ግን ሁለቱም ብዙ ጊዜ «አቅም» እየተባሉ ይደባለቃሉ።

ልዩነቱን የገበሬው አነጋገር ያስረዳናል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንደ ሌላውም የደጋ አገር፣ «ጥማድ» ማለት በአንድ በኩል በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች፣ በሌላ በኩል እነርሱ በቀን የሚያርሱት መሬት ነው፤ ይኸውም በግምት የሄክታር ሩብ ይሆናል። ማረስ የበሬዎቹ ችሎታ፣ በቀን አንድ ጥማድ ማረስ ደግሞ አቅማቸው ነው። ነገር ግን ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ አራሹ ራሱ ብቻ ከሆነ በቀን ከአንድ ጥማድ አያልፍም። ሁለተኛ አራሽ በወንፈል ቢያገኝም ወንፈል ብድር ነውና ያ ቀን ከራሱ ቀኖች ይቀነሳል።

በሶፍትዌሩም እንዲሁ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ሦስት የስፌት መኪና ሲኖሩት ኮሌታ መስፋት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቢሆን፣ የመኪናው ቁጥር ብቻ ከተመዘገበ የኮሌታው ሥራ በሦስት እጥፍ ይታቀዳል፤ የተማሪዎቹም የደንብ ልብስ ለመስከረም አይደርስም።

ስለዚህ ለሥራው ዓይነት «ችሎታ»፣ ለመጠኑ «አቅም» ብንል፣ መዝገቡም መሣሪያንና ሠራተኛን አጣምሮ ቢይዝ ይበጃል።