ሽልማት መቼ ያተጋል? መቼስ ያቀዘቅዛል?

«አንደኛ ከወጣህ ብስክሌት እገዛልሃለሁ።» «ሳታጠኚ ብትተኚ ወየውልሽ!» እነዚህ አነጋገሮች በብዙ ቤት ይሰማሉ። አንዱ ተስፋ፣ ሌላው ማስፈራሪያ ይሁን እንጂ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሰው የሚተጋው ከሥራው በኋላ ለሚመጣበት ወይም ለሚመጣለት ነገር ነው የሚል እምነት። እምነቱ ከንቱ አይደለም። የሥነ ልቦና ሳይንስ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረምረው ኖሮ ብዙውን አረጋግጦታል። ነገር ግን ያው ሳይንስ እያንዳንዱ ወላጅና መምህር ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገርም አግኝቷል፤ ሽልማት ያልነበረን ትጋት ሊፈጥር እንደሚችል ሁሉ፣ የነበረን ፍላጎትም ሊያጠፋ ይችላል። ይህን በአብዛኛው የሚወስነው አሰጣጡ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከድርጊት በኋላ የሚመጣው

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት የተራቡ ድመቶችን በእንጨት ሣጥን ውስጥ እየዘጋ ይመለከት ነበር። ምግቡ ከሣጥኑ ውጭ ይቀመጣል፤ በሩ የሚከፈተው ድመቷ ገመድ ስትስብ ወይም መርገጫ ስትጫን ነው። ድመቷ መጀመሪያ ትቧጥጣለች፣ ትነክሳለች፣ ትገፋለች፤ በዚህ መሐል ሳታስበው መክፈቻውን ትነካና ትወጣለች። ደግማ ስትገባ ትንሽ ትፈጥናለች፤ በሌላ ጊዜ ከዚያም ይበልጥ። ቶርንዳይክ የሚወስድባትን ጊዜ እየለካ ሲመዘግብ፣ የሚያጥረው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ መሆኑን አየ። ድመቷ ብልሃቱ ድንገት ተገልጦላት አልነበረም፤ የጠቀማት እንቅስቃሴ እየጸና፣ ያልጠቀማት እየቀረ ሄደ እንጂ። እርካታ የተከተለው ድርጊት ይደገማል የሚለው ይህ ግኝት «የውጤት ሕግ» ተብሎ ይታወቃል።

በዚያው ዘመን በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ኢቫን ፓቭሎቭ ስለ ምግብ መፈጨት ያጠና ነበር፤ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነው። ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይደርስ ምራቃቸው ይመጣ ነበር። ከምግብ በፊት ደጋግሞ የተሰማ ድምፅም ውሎ አድሮ ብቻውን ምራቅ ያመጣ ጀመር። እዚህ ላይ ትምህርቱ የሚመጣው ከሽልማት ሳይሆን ከሁለት ነገሮች መያያዝ ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ የተገረፈ ልጅ ደብተሩን ገና ሲያወጣ ሆዱ የሚሸበረው በዚህ መንገድ ነው። ፍርሃቱ ከአለንጋው አልፎ ከቁጥሮቹ ጋር ተጣብቋል።

ማጠናከሪያና ቅጣት

የቶርንዳይክን ሐሳብ ይዞ ሩቅ የሄደው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ነው። በ1930ዎቹ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ አይጥ ዘንግ ስትጫን ምግብ የሚወርድበት ሣጥን ሠርቶ፣ የምግቡ አወራረድ ሲለዋወጥ የአይጧ ሥራ እንዴት እንደሚለዋወጥ መዘገበ። ለእሱ ማጠናከሪያ ማለት አንድን ድርጊት ተከትሎ መጥቶ ድርጊቱ እንዲደጋገም የሚያደርግ ማንኛውም ነገር ነው። ስለዚህ ማጠናከሪያ መሆኑ የሚታወቀው በሰጪው ሐሳብ ሳይሆን በተቀባዩ ድርጊት ነው። እኛ ሽልማት ብለን የሰጠነው ምንም ላይለውጥ ይችላል። በአንጻሩ ወላጅ ዞር ብሎ የሚያየው ሲያጠፋ ብቻ ለሆነ ልጅ፣ ቁጣው ራሱ ማጠናከሪያ ሊሆንለት ይችላል።

ማጠናከር በመስጠት ብቻ ሳይሆን በማንሳትም ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ከረሜላ ካልተገዛልኝ ብሎ የሚያለቅስን ልጅ እናስብ። እናት ስትገዛለት ልቅሶው በከረሜላ ተጠናከረ። ልጁ ጸጥ ሲል ደግሞ የእናትየው መሸነፍ በእፎይታዋ ተጠናከረ። ሁለቱ ሳያውቁት እርስ በርስ እየተማማሩ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሱ ለማልቀስ፣ እሷም ለመግዛት ይፈጥናሉ።

ቅጣት ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ዓላማው ድርጊትን ማሳነስ ነው። ስኪነር በቅጣት ላይ ብዙ እምነት አልነበረውም። ቅጣት ድርጊቱን ለጊዜው ያፍነዋል፣ ቀጪው ዘወር ሲል ግን ድርጊቱ ይመለሳል፤ በምትኩ ምን መደረግ እንዳለበትም አያስተምርም ብሎ ይከራከር ነበር። ቶርንዳይክም ቢሆን፣ ደስታ የሚያጸናውን ያህል ሥቃይ ያዳክማል የሚለውን የቀድሞ አቋሙን በ1930ዎቹ አሻሽሏል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ማጠናከሪያው በየስንት ጊዜው ይመጣል የሚለው ነው። ቻርልስ ፈርስተርና ስኪነር በ1957 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ይህን በዝርዝር አሳይተዋል። አዲስ ነገር ሲጀመር በየድርጊቱ የሚሰጥ ማጠናከሪያ ቶሎ ያስተምራል፤ ሲቆም ግን ድርጊቱም ቶሎ ይቆማል። አንዳንዴ ብቻ፣ ያውም መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚመጣ ማጠናከሪያ ግን ድርጊቱን ግትር ያደርገዋል። ቁማርተኛን ከማሽኑ ፊት አላንቀሳቅስ የሚለው ይህ ነው፤ የሚቀጥለው ጨዋታ ባዶ ይሁን ሲሳይ አያውቅም። ስልክ በየደቂቃው የሚያስከፍተን «ምናልባት መልእክት ይኖር ይሆናል» የሚል ስሜትም ዘመዱ ነው። ብዙ ጊዜ እንቢ ብሎ በመጨረሻ እሺ የሚል ወላጅም የልጁን ልቅሶ አላዳከመም፤ በጽናት ማልቀስን አስተማረው እንጂ።

ማወቅ ሌላ፣ ማድረግ ሌላ

የፈርስተርና የስኪነር ጥናት ከመታተሙ በፊት፣ ታሪኩ በዚህ እንደማያበቃ የሚያሳይ ሙከራ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተሠርቶ ነበር። ኤድዋርድ ቶልማንና ቻርልስ ሆንዚክ በ1930 ሦስት የአይጥ ቡድኖችን ውስብስብ መተላለፊያ ውስጥ ለቀቁ። አንዱ ቡድን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጨረሻው ላይ ምግብ ያገኛል፤ አንዱ ጨርሶ አያገኝም፤ ሦስተኛው የሚያገኘው ከ11ኛው ቀን ጀምሮ ነው። ይህ ሦስተኛው ቡድን ለአሥር ቀን ዝም ብሎ የሚንከራተት ይመስል ነበር። ምግብ ባገኘ ማግስት ግን ስሕተቱ በአንድ ጊዜ ወርዶ ከመጀመሪያው ቡድን ጋር ተስተካከለ። መንገዱን ያለ ሽልማት ተምሮታል ማለት ነው፤ ሽልማቱ ያደረገው ያወቀውን እንዲያወጣው ምክንያት መስጠት ብቻ ነው።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አልበርት ባንዱራ ይህንኑ በልጆች ላይ አሳየ። በ1965 ባወጣው ጥናት ልጆች አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ በፊልም አዩ። አንዳንዶቹ ያዩት ሰውየው ሲሸለም፣ አንዳንዶቹ ሲቀጣ፣ ሌሎቹ ምንም ሳይደረግ ነው። ሲቀጣ ያዩት ልጆች ድብደባውን ብዙም አልቀዱትም። ነገር ግን «ያያችሁትን ብታሳዩን ስጦታ አለ» ሲባሉ ልዩነቱ ጠፋ፤ ሁሉም ተምረውታል። በሰውየው ላይ የደረሰው ቅጣት የከለከላቸው ማድረጉን እንጂ ማወቁን አልነበረም። ስለዚህ ልጅ ከምንሰጠው ሽልማትና ቅጣት ብቻ ሳይሆን፣ እኛ ራሳችን ስናደርግ ካየው ሁሉ ይማራል።

ሽልማት ፍላጎትን ሲያጠፋ

ወሳኙ ጥያቄ የተነሳው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። አንድ ሰው ወዶ የሚሠራውን ሥራ ብንሸልመው ምን ይሆናል?

ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ሶማ የተባለ የሚገጣጠም የኩብ እንቆቅልሽ አሠራቸው። ለአንዱ ቡድን በመካከለኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ ለፈታው ለእያንዳንዱ እንቆቅልሽ አንድ ዶላር ተከፈለው። ዴሲ የለካው ፈታኙ ከክፍሉ ወጥቶ ተማሪው ያሻውን እንዲያደርግ ሲተው፣ በራሱ ፈቃድ እንቆቅልሹን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚነካካ ነው። ክፍያው ሲቀር፣ የተከፈላቸው ተማሪዎች ፍላጎት ከመጀመሪያው የቀነሰ ሆነ። በገንዘብ ፋንታ በቃል የተመሰገኑት ግን አልቀዘቀዙም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒዝቤት በስታንፎርድ መዋዕለ ሕፃናት በማርከር መሣል የሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን ልጆች መረጡ። ለአንዱ ቡድን ከሣሉ ባለ ወርቃማ ኮከብና ሪባን የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ ተነገራቸው። ሁለተኛው ቡድን ሳይነገረው ከሣለ በኋላ ያንኑ ወረቀት አገኘ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማርከሩ እንደ ሌላው መጫወቻ ሁሉ ያለ ምንም ሽልማት ሲቀርብ፣ ቃል የተገባላቸው ልጆች በመሣል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን አልተጎዱም። ወረቀቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ «ብትሥል ይህን ታገኛለህ» የሚለው ውል ነው። ውሉ መሣልን ከጨዋታነት አውጥቶ የሽልማት ማግኛ አደረገው።

ዴሲና ባልደረባው ሪቻርድ ራያን በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አብራርተዋል። ሽልማት ሁለት መልእክት ሊይዝ ይችላል። አንዱ «የማዝህ እኔ ነኝ» ይላል፤ ሌላው «ችለሃል፣ እየበረታህ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ሲያይል የሰው ልብ ከሥራው ይርቃል፤ ሁለተኛው ሲያይል ይቀርባል። በእነሱ አስተያየት የሰው ውስጣዊ ተነሳሽነት የሚለመልመው ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ነው፤ በገዛ ፈቃዱ መሥራቱ፣ እችላለሁ ማለቱ፣ ከሚወዱትና ከሚያከብሩት ሰዎች ጋር መሆኑ።

በዚህ ላይ ብርቱ ክርክር ተካሂዷል። ጁዲ ካሜሮንና ዴቪድ ፒርስ በ1994 የጥናቶችን ውጤት አጠቃለው ጉዳቱ ተጋንኗል አሉ። ዴሲ፣ ራያንና ሪቻርድ ኬስትነር ደግሞ በ1999 የ128 ጥናቶችን ውጤት ደምረው፣ ቃል የተገባለትና የሚጨበጥ ሽልማት ውስጣዊ ፍላጎትን እንደሚቀንስ፣ በተለይም በልጆች ላይ እንደሚከፋ አሳዩ። ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበትም አለ፤ ከልብ የመጣ የቃል ምስጋና ይጠቅማል። ከመጀመሪያውም ፍላጎት በሌለበት አሰልቺ ሥራ ላይ ደግሞ ሽልማት የሚያጠፋው ፍላጎት የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ልጁ ወዶ የሚያደርገውን ነገር፣ ማንበብ ይሁን መሣል ወይም ኳስ፣ በዋጋ አንግዛው። ማስደሰት ከፈለግን ሳይጠብቀው እናስደስተው። አሰልቺ ወይም አዲስ ለሆነው ነገር፣ ለምሳሌ የማባዛት ሠንጠረዥ ለመሸምደድ፣ ትንሽ ሽልማት ማስጀመሪያ ይሁን። ልጁ ሲለምደው ግን ሽልማቱን ቀስ በቀስ እየቀነስን፣ የመቻሉ ደስታ እንዲተካው እንፍቀድ። ስናመሰግን «ጎበዝ» ብለን ብቻ አንለፍ፤ «ትናንት ያቃተህን ክፍልፋይ ዛሬ በሌላ መንገድ ሞክረህ ፈታኸው» እንበለው። ይህ ምስጋና ምን እንደ ሠራለት ስለሚነግረው ነገም ይደግመዋል። እንቢ ያልነውን በልቅሶ ብዛት እሺ አንበል። ስናርም ደግሞ የማይደረገውን ብቻ ሳይሆን የሚደረገውን እናሳይ።

ስለ ደረጃም ደፍረን ማሰብ አለብን። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ልጅ ከክፍሉ ስንተኛ እንደ ወጣ በካርዱ ላይ ይሰፍራል። ደረጃ ልጁ ማንን እንደ በለጠ ይናገራል፤ ምን እንዳወቀና ምን እንደ ቀረው ግን አይናገርም። በአንድ ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ልጅ ነው። ብስክሌቱ የተንጠለጠለው በዚያ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ለቀሩት ልጆች ትጋታቸው ሁሉ ማጠናከሪያ አጥቶ ይቀራል። ካለፈው ሴሚስተር ያሻሻለ፣ ያልገባውን የጠየቀ፣ ጓደኛውን ያስረዳ ልጅ ሁሉ «ችለሃል» የሚለውን መልእክት ሊያገኝ ይገባዋል። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የልጁን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል።